ሸማኔዎቹን ፍለጋ በርሊን

ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ነው ወደ ባቡር ጣቢያ የሄድኩት። ቤት ገብቼ ጋደም ካልኩ እንደማልነሳ አውቀዋለሁ። ከፍራንክፈርት በርሊን በፈጣኑ ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ሳንድዊች፣ አንድ ፔርሙዝ ቡና እና አንድ ቀጭን መጽሐፍ አለ። መጽሐፉ የጀርመናዊው ደራሲ የጌርሃርት ሃውፕትማን «ሸማኔዎቹ» የተሰኘ ተውኔት ነው። ዳር ዳሩን በእርሳስ የጫርኩት አማርኛ ገጹን ሞልቶታል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው የብርድ ወቅት ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ትርፍ ትኬት አለኝ» ብላ ይዛኝ ሄደች። ትንሽ ከተማ፣ ትንሽ ቲያትር ቤት። አዳራሹን የሞሉት በአብዛኛው ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው። ከኋላ ደግሞ ከአስተማሪያቸው ጋር የመጡ ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ተውኔቱ እዚህ አገር በትምህርት ቤት ይነበባል።

ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። በሰኔ 1844 (ቀኖቹ፣ ወራቱና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲሌዥያ ውስጥ፣ ዛሬ ፖላንድ በሆነው ምድር፣ ሸማኔዎች ተነሱ። እነዚህ ሰዎች የሚሸምኑት እቤታቸው ነው። ግን ክሩን የሚሰጣቸውም፣ ጨርቁን የሚረከባቸውም፣ ዋጋውን የሚወስንላቸውም ባለፋብሪካው ነው። የእንግሊዝ ማሽን ያመረተው ርካሽ ጨርቅ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው የእነሱ ክፍያ እየወረደ ሄደ። ረሃብ ገባ። ፔተርስቫልዳው እና ላንገንቢላው በተባሉ መንደሮች የባለፋብሪካዎቹን ቤት ሰባበሩ። ወታደር መጣና ተኮሰ። 11 ሰው ሞተ። ሃውፕትማን ይህንን የሰማው ከአባቱ ነው። አያቱ በወጣትነታቸው ሸማኔ ነበሩ።

ተውኔቱ ዋና ገጸ ባሕርይ የሚባል የለውም። ዋናው ሕዝቡ ነው። መጋረጃው ሲከፈት ሸማኔዎቹ የሠሩትን ጨርቅ ተሸክመው ድራይሲገር የሚባለው ባለፋብሪካ ዘንድ ተሰልፈዋል። ፋይፈር የሚባል ተረካቢ እያንዳንዱን ጨርቅ ያገላብጣል። እንከን ይፈልጋል። ካገኘ ይቀንሳል። እሱም ድሮ ሸማኔ ነበር። እዚያ ትዕይንት ላይ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭምቅ አደረጉ። አንድ ሕፃን በረሃብ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ሌላው ተመልካች ፀጥ እንዳለ ነው። እሳቸው ግን «አዎ፣ አዎ» ይላሉ፣ ለራሳቸው።

በዕረፍት ሰዓት ሰዉ የወይን ብርጭቆ ይዞ ስለ መብራቱና ስለ መድረኩ አሠራር ያወራል። አልፈርድባቸውም። ለዚያ ነው የመጡት። ሽማግሌው ግን ከወንበራቸው አልተነሱም። ጠጋ ብዬ «ደህና ነዎት?» አልኳቸው። አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ እስኪዘጋ ድረስ እንደሠሩ ነገሩኝ። «ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ እነሱ ነው የሚያጋድለው» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። መጨረሻ ላይ አዳራሹ ሲያጨበጭብ እሳቸው አላጨበጨቡም። ኮታቸውን ለበሱና ቀስ ብለው ወጡ።

እኔም ያን ሌሊት አልተኛሁም። እናቴ የሸማኔ ልጅ ናት። አያቴ ሽሮ ሜዳ፣ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰደው፣ ሙሉ ቀን ሲሸምኑ የዋሉ ሰው ናቸው። ሰዉ ጥበባቸውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ እሳቸውን ግን «ሸማኔ» ብሎ ይንቃቸዋል። እናቴ ያንን ሸሽታ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባች። ሃያ ሁለት ዓመት ሠራች። ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ይነጣል። ክር ተበጠሰ፣ ምርት ጎደለ ተብሎ ከደመወዟ ሲቆረጥ እቤት መጥታ አታወራም። ዝም ብላ ቡና ትቆላለች። የፋይፈርን ትዕይንት ሳይ ያ ዝምታዋ ነው የታየኝ። አንድ ጥያቄም ያዘኝ። ይህንን ድራማ መጀመሪያ ያዩት እነማን ናቸው? ሸማኔ አይቶታል? የፋብሪካ ሠራተኛ አይቶታል? ምን አለ?

በርሊን ዋናው ጣቢያ እንደወረድኩ የሽፕሬን ወንዝ ይዤ በእግሬ ሄድኩ። ሩቅ አይደለም። ብርዱ ግን ጆሮ ይቆርጣል። ዛሬ በርሊነር አንሳምብል የሚባለው ቲያትር ቤት ያኔ ኖይስ ቴአተር ይባል ነበር። ድራማው መጀመሪያ የታየው እዚህ ነው፣ የካቲት 26 ቀን 1893። የበርሊን ፖሊስ ከዚያ በፊት፣ በመጋቢት 1892፣ ለሕዝብ እንዳይታይ ከልክሎታል። «ድኃውን በሀብታሙ ላይ ያነሳሳል» ነው ፍራቻው። ፍራየ ቡህነ የተባለ የቲያትር ማኅበር ግን መላ ነበረው። ለአባላት ብቻ የሚታይ ዝግጅት የግል ስለሆነ የሳንሱር ፈቃድ አይጠየቅበትም። ስለዚህ ለአባላቱ አሳየው። አባላቱ ደራሲዎች፣ ሃያሲዎች፣ የተማሩ ሰዎች ነበሩ።

ከተመልካቾቹ መካከል አንዲት የ25 ዓመት ሠዓሊ ነበረች። ኬተ ኮልቪትስ ትባላለች። ባሏ በሠራተኛ ሰፈር ውስጥ የሚሠራ ሐኪም ነው። ያን ቀን ከዚህ በር ስትወጣ የጀመረችውን ሌላ ሥራ ለመተው ወስና ነበር። ሸማኔዎቹን መሳል ጀመረች። በሩ ፊት ለፊት ቆሜ ይህንን አሰብኩ። አንድ ድራማ አይቶ የሚሠራውን ጥሎ አዲስ መጀመር! እንዲህ ያለ ተመልካች ያገኘ ደራሲ ታድሏል።

ሁለተኛው ቲያትር ቤት ዶይቸስ ቴአተር ነው። ሹማን መንገድ ላይ፣ የአሥር ደቂቃ እርምጃ። ታሪኩን ሳነብ በጣም ያናደደኝ እዚህ የሆነው ነው። የፖሊሱ ክልከላ በክርክር እስከ ፕሩሲያ የበላይ አስተዳደር ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 1893 ክልከላውን አነሳ። ለምን መሰላችሁ? ድራማው አደገኛ አይደለም ብሎ አይደለም። የዚህ ቲያትር ቤት ወንበር ውድ ነው፤ ለማየት የሚመጡት ለሁከት የማይነሳሱ የኅብረተሰብ ክፍሎች ናቸው፤ ሠራተኛው በብዛት ሊገባ አይችልም። ምክንያቱ ይህ ነው። ረሃብን ለማየት የሚፈቀድለት ያልተራበ ሰው ነው ማለት ነው።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳንድዊቼን በላሁ። ፈቃዱ ከወጣ በኋላም መድረኩ ላይ የወጣው መስከረም 25 ቀን 1894 ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ቄሣሩ ዳግማዊ ቪልሄልም ግን ተቆጥተው በዚህ ቲያትር ቤት የነበራቸውን የንጉሣዊ ሎጅ፣ ማለትም ለብቻ የተከለለ የክብር መቀመጫ፣ ሰረዙ። ፍርድ ቤቱ የገመተው ተመልካች ሀብታም ነው፤ ያጨበጨበውም እሱ ነው። ይህ ደግሞ ደስ ይለኛል። ሰው ኪሱ ስለሞላ ብቻ ልቡ አይደነድንም።

እዚሁ ቤት በ1895 የበጋ ወር አንድ ወጣት ሩሲያዊ ገብቶ ነበር። ሌኒን። ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ «ሸማኔዎቹን» እንዳየ ይነግራቸዋል። አስቀድሞ ተውኔቱን ሙሉውን አንብቦት ነበር፤ ቢሆንም የተዋንያኑን ንግግር ሁሉ መከታተል አልቻለም። እኔ ስለ ሌኒን የማውቀው አዲስ አበባ ላይ ቆሞ የነበረውን፣ በ1991 የተነቀለውን ሐውልት ነው። ስሙ ሲነሳ ብዙ ቤት ውስጥ ሌላ ሌላ ሐዘን ይቀሰቅሳል። ይህን ደብዳቤ ሳነብ ግን በሰው አገር ቋንቋ ጆሮውን አቁሞ የሚታገል ስደተኛ ታየኝ። እኔም ያን ቀን ግማሹ አምልጦኛል። የሲሌዥያ ዘዬ ለጀርመኖቹም ይከብዳል። ሃውፕትማን መጀመሪያ የጻፈው ሙሉ በሙሉ በዚያ ዘዬ ነው፤ በኋላ ነው ለመደበኛው ጀርመንኛ ያቀረበው።

ከፍሪድሪሽ መንገድ በኩል አድርጌ ወደ ሮዛ ሉክሰምቡርግ አደባባይ ሄድኩ። የመጣሁት በዋናነት ለዚህ ነው። ፎልክስቡህነ፣ የሕዝብ መድረክ እንደማለት። ከፊቱ ሰፊ ሜዳ አለው። ሕንፃው ከባድ ነው፣ ግራጫ ነው፤ ምሰሶዎቹ ግዙፍ ናቸው።

ይህ ቤት የተሠራው ከሠራተኛ በተሰበሰበ ሳንቲም ነው። ነገሩ የሚጀምረው በ1890 ነው። ፍራየ ፎልክስቡህነ የሚባል የሠራተኞች የቲያትር ማኅበር በርሊን ውስጥ ተቋቋመ። አባሉ ለአንድ ትርዒት 50 ፌኒሽ፣ የጀርመን ሳንቲም ማለት ነው፣ ይከፍላል። ሁሉም እኩል። ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፋብሪካ የሚውል ሰው ሌላ ቀን የለውም። ወንበሩስ? ወንበሩ በዕጣ ነው! በሩ ላይ እጅህን ሰደህ ዕጣ ታወጣለህ። የፊት ወንበር ቢደርስህ የፊት፣ የኋላ ቢደርስህ የኋላ። ዕቁብ ነው በሉት። አለቃ የለ፣ ባለሎጅ የለ። ይህንን ሳነብ እናቴ ከፋብሪካ ጓደኞቿ ጋር የምትጥለው ዕቁብ ነው ትዝ ያለኝ። ያቺ የተጠቀለለች ወረቀት፣ ያቺ ጉጉት።

በ1893 መጨረሻ ይህ ማኅበር «ሸማኔዎቹን» ለአባላቱ አሳየ። ቲያትር ቤት ተከራይቶ ነው፤ የራሱ ሕንፃ ገና አልነበረውም። ፍርድ ቤቱ «ሊገቡ አይችሉም» ያላቸው ሰዎች ገቡ። ምን ተሰማቸው? ደጋግሜ አስቤዋለሁ። እኔ ባየሁት አዳራሽ ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ አንድ ብቻ ነበሩ። እዚያ ግን አዳራሹ በሙሉ እሳቸውን የመሰለ ነው። ተረካቢው ጨርቁን ሲያገላብጥ በረጅሙ የሚተነፍሰው አንድ ሰው ሳይሆን በመቶ የሚቆጠር ሰው ነው። ያንን ድምፅ ብሰማው ብዬ ተመኘሁ።

ፖሊስ በኋላ ማኅበሩንም ለሳንሱር ሊያስገዛ ሲነሳ አባላቱ እምቢ ብለው ራሳቸው በተኑት። በ1897 መልሰው አቋቋሙት። ሳንቲም ማጠራቀሙ ቀጠለ። በ1914 መጨረሻ ይህ ሕንፃ ተከፈተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረሰ፤ በ1950ዎቹ እንደገና ተሠራ። ምሰሶውን በእጄ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በጎን በር ስትወጣ አየችኝና ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ አልኩ።

ያን ሌሊት ቬዲንግ ሰፈር አንዲት አብሮ አደጌ ጋ አደርኩ። ሽሮ ሠራችልኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ተኛሁ። በማግስቱ ሻርሎተንቡርግ ወዳለው የኮልቪትስ ሙዚየም ሄድኩ። የሸማኔዎቹ ሥራዎቿ ከድንጋይና ከመዳብ ሰሌዳ ወደ ወረቀት የታተሙ ስድስት ሥዕሎች ናቸው፣ ሁሉም ትንንሽ ናቸው። ትልቅ ሥዕል ጠብቄ ነበር። ግን ጠጋ ብሎ ማየትን የሚያስገድዱ ናቸው። በአንደኛው ሸማኔዎቹ እየተመሙ ነው። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ትሄዳለች፤ ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። አንቀልባ የለም እንጂ የሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ላይ የማያት ሴት ናት። በ1898 ሥራዎቹ በታላቁ የበርሊን ኤግዚቢሽን ሲቀርቡ ዳኞቹ ሜዳሊያ ይገባታል አሉ። ቄሣሩ ከለከሉ። እሷም የድራማው ተመልካች ነበረች። ምላሿን በድንጋይና በመዳብ ላይ ጫረችው።

ባቡሬ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ስለቀረኝ እናቴ ጋ ደወልኩ። አሁን ጡረታ ላይ ናት። ጆሮዋ ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ ትንሽ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ጮክ ብዬ ነው የማወራው።

«እማዬ፣ አንድ ታሪክ ላንብብልሽ?»

«አንብቢ ልጄ፣ ምን ሥራ አለኝ።»

አምስተኛውን ክፍል በራሴ አማርኛ ነገርኳት። ሂልሰ የሚባሉ ሽማግሌ ሸማኔ አሉ። እግዚአብሔርን የሚፈሩ። የልጅ ልጃቸው ከተዘረፈው የባለፋብሪካ ቤት አንዲት የብር ማንኪያ ይዛ ትመጣለች። ማንኪያዋ ብትሸጥ ለብዙ ቀን ያበላቸዋል። እሳቸው ግን አሁኑኑ ትመለስ ይላሉ።

«ደግ አደረጉ» አለች እናቴ። «የሰው ዕቃ አይባረክም።»

ቀጠልኩ። መንደሩ ሁሉ ወጣ። ልጃቸውም ወጣ። ሽማግሌው ግን አልወጣም አሉ። የሽመና ዕቃቸው ላይ ተቀመጡ፣ መሸመናቸውን ቀጠሉ። የወታደር ጥይት በመስኮት ገባ። እዚያው በተቀመጡበት ወደቁ። ዓይኗ የማያይ ባለቤታቸው ትጠራቸዋለች።

እናቴ ፀጥ አለች። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እማዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ። ድሩ ላይ እንዳለ ቀረ በይኛ?»

«አዎ፣ ቀረ።»

«ስንት ክንድ ቀርቷቸው ነበር?»

መጽሐፉን ከፈትኩ። ገጹን ወደ ኋላ መለስ አድርጌ፣ መስመር በመስመር ፈለግኩ። ባቡሩ እየገባ ነበር። አልተጻፈም።