የእናቴ ቬንቲሌተር

ግንቦት ሲገባ ድሬዳዋ ሌሊቱም አያበርድም። ሳቢያን ያለው ቤታችን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቀን የዋለበትን ፀሐይ ሌሊት ይመልሰዋል። እናቴ ክፍል ውስጥ በሶላር ከሚሞላ ባትሪ ጋር የተያያዘ ባለ 12 ቮልት የመኪና ቬንቲሌተር አለ። ወይ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል፣ ወይ ይቆማል፤ መሀል የለውም። ሲዞር «ብርዱ ጉልበቴን መታኝ» ትላለች፤ ስታጠፋው ላብ ያጠምቃታል። በየሌሊቱ ሦስት አራት ጊዜ ስትነሣ እየሰማሁ መተኛት አቃተኝ።

ፍጥነቱን በሪዚስተር፣ ኤሌክትሪኩን በከፊል በሚያግድ ዕቃ፣ መቀነስ ይቻል ነበር። ነገር ግን 6 ቮልት በ1 አምፔር ሲባክን 6 ዋት ሙቀት ነው፤ ያንን ከባትሪው ወስጄ በዚያች ክፍል ውስጥ መልቀቅ አልፈለግሁም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እየቆረጠ የሚለቅ ሰርኪዩት ሠራሁ። ሞተሩ የሚሰማው አማካዩን ነው፤ የበራበት ጊዜ ሲያጥር ዝግ ብሎ ይዞራል።

ልቡ 555 የተባለው አይሲ፣ ጊዜ እየለካ የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ቺፕ፣ ነው፤ ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ካመንዚንድ በ1971 እ.ኤ.አ. ነድፎት እስከ ዛሬ በርካሽ ይገኛል። ከእሱ ጋር ባለ 50 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (በእጅ የሚዞር ማስተካከያ)፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ትንንሽ ዳዮዶችና ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚለቅ ባለ 10 ናኖፋራድ ካፓሲተር አገናኘሁ። አንዱ ዳዮድ ካፓሲተሩ ሲሞላ፣ ሌላው ሲራገፍ ያሳልፋል፤ ማዞሪያውን ሳዞር የሁለቱ ጊዜ ድርሻ፣ ከእሱም ጋር ሞተሩ የሚበራበት ጊዜ ይለወጣል። ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው አይአርኤፍዜድ 44 ኤን የተባለው ሞስፌት ነው።

በመጀመሪያው ምሽት ፍጥነቱ እንደ ልብ ታዘዘ። እናቴ ግን ጆሮዋን ጣል አድርጋ «ልጄ፣ ቢንቢ ገብቷል እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በሰከንድ 2,800 ጊዜ ያህል ሲቆራረጥ ሞተሩ ያፏጫል። ካፓሲተሩን ቶሎ በሚሞላና በሚራገፍ ባለ 1 ናኖፋራድ ቀየርኩት። ወደ 28,000 ወጣ፤ የሰው ጆሮ ከ20,000 በላይ ስለማይሰማ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ከሁለቱ ሌላ ከሞተሩ ጎን ያያያዝኩትን ሦስተኛ ዳዮድ ብነካው ጣቴን ላጠኝ። ሰው ሁሉ ንቆ የሚያልፈው ይህን ዳዮድ ነው። ሞስፌቱ ሲዘጋ በሞተሩ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ በአንዴ መቆም አይችልም፤ የሚመለስበትን መንገድ የሚሰጠው ዳዮዱ ነው። እኔ የተጠቀምኩበት 1ኤን4007 የተሠራው ለ50 ሄርዝ የመብራት ኃይል ነው፤ ለመዘጋት ይዘገያል። እሱ ሳይዘጋ ሞስፌቱ ሲከፈት የባትሪው ሁለት ጫፎች ለቅጽበት በቀጥታ ይገናኛሉ፤ ይህም በየሰከንዱ 28,000 ጊዜ!

በማግስቱ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ወደሚባለው ገበያ ሄድኩ። አንድ ጠጋኝ የፈለግሁት ዓይነት እንደሌለው ነግሮኝ የተበላሸ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ አውጥቶ ሰጠኝ። ውስጡ ሾትኪ የሚባለው ፈጣን ዳዮድ አለ፤ ባለ ሦስት እግር፣ ከአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ጋር በብሎን የታሰረ። ነቅዬ መካከለኛ እግሩን ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሁለቱን የዳር እግሮች ከሞተሩና ከሞስፌቱ መገናኛ ጋር በየድኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ አዙሬው ለብ ብቻ አለ። ለእናቴ ከመስጠቴ በፊት ባትሪው ጫፍ ላይ ባለ 3 አምፔር ፊውዝ አስገባሁ፤ እሱ ሳይኖር መኝታ ቤት ውስጥ አላስቀምጠውም።

ማዞሪያው ላይ ከግማሽ ዝቅ ብሎ የምትወደውን ቦታ አገኘች፤ እንዳይጠፋባት ቀይ ክር አሰረችበት። ትናንት ሌሊት አንድም ጊዜ አልተነሣችም።