«ተመለሰልኝም»

ይህን ነገር ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፋይሉ የደንበኞች አቤቱታ ነበር። 1.2 ጊጋባይት ገደማ፣ በየመስመሩ አንድ አቤቱታ። የሚጫንበት ሲስተም ግን ከ50 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም። ቡድን መሪያችን «በባይት ቁረጠው፣ ይፈጥናል» አለኝ። ስፕሊት የሚባለው ፋይል መቁረጫ ትዕዛዝ በ50 ሜጋባይት ልክ 25 ቦታ ከፈለልኝ። የቁርጥራጮቹ ስም ከ«ኤክስ ኤ ኤ» ጀምሮ «ኤክስ ኤ ዋይ» ላይ አበቃ። ሁሉም ተጫኑ። ምንም ስህተት አልታየም።

ከሁለት ቀን በኋላ ከአቤቱታ ክፍል አንዲት ባልደረባችን መጣች። «አንዲት ደንበኛ ሦስት ጊዜ ደውለዋል። አቤቱታቸው ሲስተሙ ላይ የለም» አለች።

«ቁርጥራጮቹን በካት ግጠምና ቼክሰሙን እይ» አለኝ መሪያችን። ካት ፋይሎችን አከታትሎ የሚገጥም ትዕዛዝ ነው፤ ቼክሰም ደግሞ ሁለት ፋይሎች አንድ መሆናቸውን ለማየት ከይዘታቸው የሚሰላ ቁጥር። ገጠምኩ። ከዋናው ጋር አንድ ነው። «በቃ፣ ፋይሉ ሙሉ ነው። እነሱ ይፈልጉት» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

አልተዋጠልኝም። የሦስተኛውን ፋይል ጭራና የአራተኛውን ራስ ጎን ለጎን ከፈትኩ። ሦስተኛው «ገንዘቤ አ» ብሎ፣ አንድ የተበላሸ ምልክት አስከትሎ ያልቃል። አራተኛው በዚያው ምልክት ጀምሮ «ተመለሰልኝም» ይላል።

ቢላው ያረፈው «ል» ላይ ነው። ኮምፒውተር ፊደላትን በባይት በሚጽፍበት በዩቲኤፍ 8 ሥርዓት «ል» ሦስት ባይት ናት፦ 225፣ 136፣ 141። ሁለቱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ቀሩ። ካት ሲገጥማቸው ፊደሏ ትመለሳለች፤ ለዚህ ነው ቼክሰሙ የተስማማው። ሲስተሙ ግን እያንዳንዱን ፋይል ለብቻው ነው የሚያነበው። ዓምዱ ያልሞላ መስመር ሲያገኝ ድምፅ ሳያሰማ ይዘለዋል። 25 ፋይል 24 ድንበር አለው። በየድንበሩ አንድ አንድ አቤቱታ ተበልቷል።

«ተመለሰልኝም»ን ደጋግሜ አነበብኩት። ለብቻው ሲነበብ የምስጋና ቃል ይመስላል። ሴትዮዋ የጻፉት ተቃራኒውን ነው።

ለመሪያችን አሳየሁት። «ከዚህ ሁሉ መስመር 24 ብቻ ነው እኮ» አለኝ።

«አንዷ ሦስት ጊዜ ደውለዋል» አልኩት።

መልስ አልሰጠኝም። ትዕዛዙን ተርሚናሉ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሱን አልክድም። ግን ያ «ብቻ» የሚለው ቃል ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ስፕሊትን ሳዝ፣ በባይት በሚቆርጠው በትንሿ ቢ አማራጭ ፈንታ ትልቁን ሲ እጠቀማለሁ። መጠኑንም ይጠብቃል፣ መስመርም አይሰብርም፤ አንዱ መስመር ራሱ ከመጠኑ ካልበለጠ በቀር። ቼክሰም ብቻውን አያሳምነኝም። የዋናውን ፋይል መስመር እቆጥራለሁ፣ ሲስተሙ የተቀበለውንም እቆጥራለሁ፣ ሁለቱን አስተያያለሁ።

24ቱን መስመሮች ከዋናው ፋይል ለቅሜ ለብቻቸው ጫንኳቸው። ባልደረባችን ጋ ደወልኩና «አሁን ፈልጊው» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ በስልኩ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ገንዘቤ አልተመለሰልኝም»።