እሌኒ በ«አ»፣ ሄለን በ«ሀ»

የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ከፋይል ሁሉ ጣጣው የሚበዛው የጡረታ ፋይል ነው። የዓመት ፈቃድ ቢሳሳት በሚቀጥለው ወር ይታረማል። ደመወዝ ቢጎድል ይጨመራል። ጡረታ ላይ ግን የሠላሳ ዓመት ወረቀት አንድ ላይ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ተደብቆ የኖረ ስህተት ካለም አብሮ ይወጣል።

ወይዘሮ እሌኒ 60 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር። አገልግሎታቸውን አጣርተን ለጡረታ መላክ አለብን። ኮምፒውተሩ ላይ ስማቸው ሲፈለግ ሠላሳ ምናምን ዓመት መሆን የነበረበት አገልግሎት ዘጠኝ ዓመት ብቻ ሆኖ መጣ። ይህ ደግሞ ተራ ጉድለት አይደለም። በዕድሜ ጡረታ ለሚወጣ ሰው ወርሃዊ አበል የሚከፈለው ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ ነው። እድሜ ልካቸውን የሠሩት ሴት በወረቀቱ ከሄድን ወርሃዊ አበል የላቸውም ማለት ነው።

መረጃ ላይ የተመደበው ልጅ ፈልጎ ፈልጎ አንድ ነገር አገኘ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት «ሥራ የለቀቀች» ተብላ የተዘጋች አንዲት ሄለን አለች። የአባት ስሟ ከወይዘሮ እሌኒ ጋር አንድ ነው። ልጁ ጠራቸውና እንዲህ አላቸው፤

«ማዘር፣ የድሮው ፋይል ሄለን ነው የሚለው። እርስዎ እሌኒ ነዎት። የስም ለውጥ ያደረጉበትን የፍርድ ቤት ውሳኔ ያምጡልን።»

«ልጄ፣ ስሜን መቼ ቀየርኩና?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። በእሱ አልፈርድም፤ የተባለውን ነው የሠራው። እኛ ሀገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር በአብዛኛው የለም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ፋይል የሚደረደረው በራስ ስም ነው፤ ኮምፒውተሩም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የመጀመሪያው ስም ከተናጋ ሰውየው ከነአገልግሎቱ ይጠፋል።

ወደ መዝገብ ቤት ወረድኩ። የወረቀት ማህደሮቹ በሀሁ ቅደም ተከተል ነው የተቀመጡት። «ሄ» በሩ አጠገብ፣ የመጀመሪያው መሳቢያ ውስጥ ነው። «እ» ለመድረስ አሥራ አምስት ፊደል መዝለል ያስፈልጋል፤ ጀርባ ያለው መደርደሪያ ነው፣ አምፖሉም ተቃጥሏል። የአንዲት ሴት የሥራ ዘመን በክፍሉ ሁለት ጫፍ ተከፍሎ ተቀምጦ ነበር።

«እ» ውስጥ ያገኘሁት የቅጥር ደብዳቤ በታይፕ የተመታ ነው። «ወ/ት እሌኒ» ይላል። ከሥሩ የሕይወት ታሪክ ቅጽ አለ፤ በራሳቸው እጅ የተሞላ፣ ጥግ ላይ ጉርድ ፎቶ የተለጠፈበት። «ሄ» ውስጥ ያለው ፋይል ደግሞ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። መሥሪያ ቤታችን በአንድ ወቅት ከውጭ ድርጅት ጋር የሚያካሂደው ፕሮጀክት ነበረው፤ ወይዘሮ እሌኒም ለረጅም ጊዜ እዚያ ተመድበው ሠርተዋል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ስማቸው በኤች ተጀምሮ ተጽፏል።

ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቁ። ፈረንጁ አለቃ ስማቸውን ሲጠይቃቸው «እሌኒ» አሉት። «አሃ! ሄለን!» አለና ጻፈ። እሳቸውም ዝም አሉ። «ደሞዜ እስከገባ ድረስ ምን ቸገረኝ» ነው ያሉኝ። ፕሮጀክቱ አልቆ ርክክብ ሲደረግ አንድ ሰው ዝርዝሩን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መለሰው። የመለሰው ሰው እሌኒን አያውቃትም፤ ፊቱ ያለው ሄለን ነው፤ ሄለን ብሎ ጻፈ። ፔሮሉ ኮምፒውተር ላይ ሲገባም ከዚያው ዝርዝር ተገለበጠ። እሳቸው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲመለሱ መታወቂያቸው እሌኒ ስለሚል አዲስ ካርድ ተከፈተላቸው። የድሮዋ ሄለን «ለቀቀች»።

ፈረንጁ አልዋሸም እኮ። ስሙ አንድ ነው። የግሪክ ስም ነው፤ ጥንት መነሻው ላይ የ«ሀ» ትንፋሽ ነበረው። ግሪኮቹ ራሳቸው ውለው አድረው ትንፋሹን ጣሉት፤ ዛሬም አቴንስ ውስጥ የምትጠራው «ኤሌኒ» ተብላ ነው። ወደ ምዕራብ የሄደው በላቲን በኩል «ሄለና» ሆኖ እንግሊዝ ሲደርስ «ሄለን» ሆነ። ወደ እኛ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የመጣው እሌኒ ነው። ስለዚህ ሄለን «ትክክለኛው»፣ እሌኒ ደግሞ የገጠር አጠራር የሚመስለው ሰው ነገሩን ገልብጦታል። ግሪኮቹ አፍ ላይ ላለው የሚቀርበው የእኛው ነው። አንዳንዶች ስሙን «ችቦ» ከሚል የግሪክ ቃል ጋር ያያይዙታል፤ ሊቃውንቱ ሁሉ አይስማሙበትም። ደመራን ላየ ሰው ግን ደስ የሚል ግምት ነው።

ስሙን እዚህ ያስተዋወቀችው የንጉሥ ቆስጠንጢኖስ እናት ቅድስት እሌኒ ናት። ደመራ አስደምራ፣ ዕጣን አጢሳ፣ ጢሱ ባመለከታት ቦታ አስቆፍራ መስቀሉን ያወጣችው። መስቀል በተከበረ ቁጥር ስሟ ይነሳል። ከዚያ ደግሞ የእኛዋ ንግሥት እሌኒ አለች። ከሐዲያ ገዢ ቤት የመጣች፣ ከ1434 እስከ 1468 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የነገሠው የዘርዓ ያዕቆብ ሚስት። የዘርዓ ያዕቆብ ስመ መንግሥት ቆስጠንጢኖስ ነበር። እናትና ልጅ የነበሩት ስሞች እዚህ ባልና ሚስት ሆኑ። ይቺ ሴት ብዙ ነገሥታት አልፈው እሷ ግን ቤተ መንግሥት ነበረች። በ1508 ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሆኖ ሲነግሥ ሞግዚት ሆና ሀገር አስተዳድራለች። ማቴዎስ የሚባለውን አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላከችውም እሷ ናት፤ ፖርቱጋሎቹ በ1520 መልእክተኛ ይዘው የመጡት በዚያ መዘዝ ነው። እንዲህ ያለ ስም ያላት ሴት በአንድ ፈረንጅ «አሃ!» ወደ ሄለን ስትዞር ትንሽ ያናድዳል። ወይዘሮ እሌኒን ግን አላናደዳቸውም።

ይህን ሁሉ ምሳ ሰዓት ላይ ለሕግ ክፍሉ ባለሙያ አጫወትኩት። ሰውየው ታሪክ ይወዳል። ንግሥቲቱን ከእኔ በላይ ያውቃታል። ሲጨርስ እንዲህ አለኝ፤

«ጥሩ። እሌኒና ሄለን አንድ ስም ናቸው። አንድ ሰው ናቸው ማለት ግን አይደለም። እኔ በታሪክ አልፈርምም።»

በሰዓቱ ከፍቶኝ ነበር። ወዲያው ግን እውነቱን መሆኑ ታየ። የ«ሄ»ን ፋይል ገጽ በገጽ ስናገላብጥ መሀል ላይ የዓመት ፈቃድ ወረቀቶች ወጡ። ወረቀቶቹ ላይ ያለው የአያት ስም ግን ከወይዘሮ እሌኒ የተለየ ነው። በዚያው ፕሮጀክት ውስጥ እውነተኛ ሄለን ነበረች! የአባቷ ስም ከወይዘሮ እሌኒ አባት ጋር የገጠመ፣ ትክክለኛ ስሟ ሄለን የሆነ ልጅ። እሷ በእርግጥም ሥራ ለቃለች። ሁለቱ ማህደር ውስጥ ተደባልቀው ኖረዋል። ዝም ብለን «ሄለን ማለት እሌኒ ነው» ብለን አጣብቀን ብንልክ የሌላ ሰው ወረቀት ለጡረታ እንልክ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ዘገምተኛ ሆነ። የአያት ስም ያለበትን ወረቀት ለብቻ አወጣን። ፊርማ ከፊርማ አስተያየን። የወይዘሮ እሌኒ ፊርማ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አልተለወጠም፤ «እ»ን ጅራቷን ረዘም አድርገው ስሙን ከሥር ያሰምሩባታል። እንግሊዝኛው ደብዳቤ ላይ፣ ሄለን ከሚለው በታች፣ የፈረሙት በዚያችው «እ» ነው። ሰውየው ሄለን ብሎ ሲጽፍ እሳቸው እሌኒ ብለው ፈርመዋል። ያንን ወረቀት ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው።

የልደት ቀኑ ላይ ሌላ ክርክር ተነሳ። የአማርኛው ቅጽ መጋቢት 10 ይላል፤ የእንግሊዝኛው ደግሞ ማርች 19። መረጃ ላይ ያለው ልጅ «ይኸው ቀኑም ይለያያል» አለ። ሲሰላ ግን አንድ ቀን ነው። መጋቢት 1 ሁልጊዜ የሚውለው ማርች 10 ላይ ነው፣ ስለዚህ መጋቢት 10 ማርች 19 ነው። መስከረም ቢወለዱ ኖሮ ጳጉሜን 6 የሆነችበትን ዓመት እያጣራን ነበር። ለእንደኛ ዓይነት ሥራ መጋቢት የተባረከ ወር ነው።

ወይዘሮ እሌኒ ይህን ሲሰሙ የስማቸውን ምክንያት ነገሩን። መስቀሉ ተቆፍሮ የተገኘበት ቀን መጋቢት 10 ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጾም ውስጥ ስለሚውል ደማቁ በዓል መስከረም 17 ሆነ ይባላል። «ሰው ሁሉ ስሜን ሲሰማ በመስቀል ነው የተወለድሽው ይለኛል» አሉን። «አዎ እላለሁ፤ የሚገባው መጋቢት መሆኑ ይገባዋል፤ የማይገባውም አልተሳሳተ።»

ጉዳያቸው አለቀ። ለጡረታው የተጻፈው ደብዳቤ ላይ ሁለቱም ስሞች ሰፍረዋል፤ የአያት ስም፣ የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የፊርማ ናሙና እና ስህተቱ የት እንደተፈጠረ የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ተጨምሮ። የስም ለውጥ ውሳኔ አልጠየቅናቸውም፤ የተለወጠ ስም የለምና። የሕግ ባለሙያው ፈረመ።

እኔን ግን ስሙ አልለቀቀኝም። ማታ ማታ የሠራተኛ ዝርዝር ማየት ጀመርኩ፤ የሥራ ባሕርይ ነው። ጡረታ ከወጡትና ሊወጡ ከተቃረቡት መካከል እሌኒዎች አሉ። ከዚያ በታች ሄለኖች ይመጣሉ። ቅርብ ጊዜ የተቀጠሩት ላይ እሌኒ ብርቅ ናት። ሠራተኞቻችን ለሕክምና በሚያስመዘግቧቸው ልጆች ዝርዝር ላይ ደግሞ ሄለንም እየሳሳች ነው፤ ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ቢታንያ ነው የሞላው። እነዚህ ልጆችም አንድ ቀን ጡረታ ይወጣሉ፤ ያኔ ሶልያና የአሮጊት ስም ይሆናል። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከ1900 እስከ 1919 ባሉት ዓመታት ሄለን ከሜሪ ቀጥላ ሁለተኛዋ የሴት ልጅ ስም ነበረች። ከዚያ ወርዳ የአያቶች ስም ሆነች። እኛ ጋ «ዘመናዊ» ተብላ ስትገባ እዚያ ፋሽኗ አልፎበት ነበር።

አሁን አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣ ማንም ከመተየቡ በፊት ስሙን በራሱ እጅ በአማርኛ ይጽፋል፤ ከጎኑም በላቲን ፊደል። ያ ወረቀት ስካን ተደርጎ ይቀመጣል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስም መመለስ ክልክል ነው። ፍለጋውንም አስተካክለናል፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ አ እና ዐም እንዲሁ። ከዚያ በፊት «ዕሌኒ» ተብሎ የተጻፈ ቢኖር ኮምፒውተሩ አያገኘውም ነበር።

የድሮዎቹን ማጣራት ላይ ነን። ሶስና ሆና ሱዛን የተባለች አግኝተናል። ሐናዎች አና ሆነዋል። የከፋው ቤቲ ነው። ቤቲ ቤተልሔም ልትሆን ትችላለች፣ ኤልሳቤጥም ልትሆን ትችላለች፤ ጠርቶ መጠየቅ ነው እንጂ ገምቶ አይሆንም። ባለፈው አንዷን ቤቲ ጠርተን መታወቂያዋን አየን። ብዙነሽ ይላል። ፋይሏን እናስተካክላለን ስንላት በሩን ዞር ብላ አየችና «ዝርዝሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል እንዴ?» አለችን። አይለጠፍም አልናት።