መዘውሩ 1.2፣ መለኪያው 1.8

አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል በሰመመን ሰጪነት በማገለግልበት ወቅት፣ ሕመምተኛው የሚተነፍሰውን የሰመመን ጋዝ በመቶኛ የሚያሳይ አዲስ መለኪያ ለቀዶ ሕክምና ክፍላችን መጣልን። ቀድሞ የምንመራው በቬፖራይዘሩ (ፈሳሹን የሰመመን መድኃኒት ወደ ተን ለውጦ በሚያቀላቅለው ዕቃ) መዘውር፣ በልብ ምትና በደም ግፊት ብቻ ስለነበር ሁላችንም ደስ አለን። ይሁን እንጂ መለኪያው ከመዘውሩ ጋር አልስማማ አለ፤ አይሶፍሉሬን የተባለውን የሰመመን መድኃኒት የሚሰጠውን ባለ ወይን ጠጅ ምልክት ቬፖራይዘር 1.2 ላይ ስናደርገው መለኪያው 1.8 ያሳይ ነበር።

አንድ ጠዋት በሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ላይ የነበረ ወጣት ባልደረባዬ መለኪያውን አምኖ፣ ንባቡ 1.2 እስኪሆን ድረስ መዘውሩን ወደ 0.8 ዝቅ አደረገው። ሕመምተኛዋ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ስለተሰጣት ሰመመኑ ቢሳሳ እንኳ ተንቀሳቅሳ ልታሳውቀን አትችልም። ቆዳዋ ከተቀደደ ብዙም ሳይቆይ የልብ ምቷ ከ78 ወደ 116 ወጣ፤ የደም ግፊቷም ተከተለ፤ የዓይኗን ቆብ ገለጥ ሳደርገው እንባ አቅርሯል።

«ጋዙን ወደነበረበት መልሰው» አልሁት።

«ጋሼ፣ መለኪያው እኮ ልክ ነው እያለ ነው!»

መለሰው፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላም የልብ ምቷ ረጋ። ከነቃች በኋላ ስንጠይቃት፣ ተመስገን፣ የምታስታውሰው ነገር አልነበረም።

የባዮሜዲካል ቴክኒሻናችን ግን ጥፋቱን በቬፖራይዘሩ ላይ አሳበበ፤ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ለጥፎበት፣ ፈሳሹ በውስጡ እያለ ነቅሎ ጋሪ ላይ በጎኑ ሊያስተኛው ሲል ደረስሁ። ይህ ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ ብዙዎቹ ቬፖራይዘሮች ፈሳሽ እንደያዙ ከተጋደሙ ፈሳሹ ወደ ጋዝ መተላለፊያው ሊገባና ቀጣዩን ሕመምተኛ ከልክ በላይ በሆነ መጠን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀጥ አድርጎ እንዲያቆመው ለመንሁት፤ ከዚያ ተቀምጠን ሒሳቡን ሠራን።

ቬፖራይዘሩ የሚገባውን ኦክስጅን ወይም አየር ለሁለት ይከፍለዋል፤ አብዛኛው በአቋራጭ ያልፋል፣ ጥቂቱ ደግሞ ፈሳሹ ወዳለበት ክፍል ገብቶ በተን ከጠገበ በኋላ ከመጀመሪያው ጋር ይቀላቀላል። መዘውሩ የሚወስነው ይህን አከፋፈል ብቻ ነው። አይሶፍሉሬን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ወደ 240 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚደርስ የተን ግፊት አለው፤ ይህም በሙቀት እንጂ በከተማው ከፍታ አይለወጥም። ሙቀቱ ሲለዋወጥ ደግሞ በውስጡ ያለው የሁለት ብረቶች ጥማድ እየታጠፈና እየተቃና አከፋፈሉን ያስተካክላል። ባሕር ወለል ላይ የአየሩ ግፊት 760 ስለሆነ በክፍሉ ውስጥ ከሚገኘው ጋዝ 32 በመቶ ያህሉ ተን ይሆናል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ግን የአየሩ ግፊት ወደ 575 ይወርዳል፤ ያው 240 እዚህ 42 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ በመቶኛው ከፍ ማለቱ የብልሽት ምልክት አልነበረም፤ መለኪያውም ሆነ ቬፖራይዘሩ እውነቱን ተናግረዋል።

አንጎል የሚቀበለው ግን መቶኛውን ሳይሆን የጋዙን ከፊል ግፊት፣ ማለትም ከጠቅላላው ግፊት የጋዙን ድርሻ ነው። ባሕር ወለል ላይ 1.2 በመቶ ማለት 9 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው፤ እኛ ዘንድ 1.8 በመቶ ከ10 ትንሽ ያልፋል፣ ይኸውም መዘውሩ ከሚሰጠው ተስፋ ብዙ አልራቀም። ወጣቱ ባልደረባችን ያወረደው 1.2 በመቶ ግን 7 እንኳ አይሞላም፤ ሕመምተኛዋ ከታሰበላት ሰመመን ሩቡን ያህል ተነፍጋለች ማለት ነው። ቴክኒሻኑ ቁጥሮቹን ደጋግሞ ካባዛና ካካፈለ በኋላ የለጠፈውን ወረቀት ራሱ ላጠው።

ዴስፍሉሬን የተባለው ሌላው የሰመመን መድኃኒት ግን ለብቻው የሚታይ ነው። በ23 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ቬፖራይዘሩ በኤሌክትሪክ እያሞቀ፣ በግፊት ስር መጥኖ የተወሰነ መቶኛ ይሰጣል፤ በመሆኑም ከፍ ባለ ቦታ ላይ መዘውሩን ከፍ ማድረግ ግድ ይላል፣ በአዲስ አበባ ግፊት በሲሶ ያህል። እኛ ባንጠቀምበትም፣ የአይሶፍሉሬኑን ልምድ ይዞ ወደ እሱ የሚዛወር ባለሙያ በተቃራኒው እንዳይሳሳት ከሒሳቡ ባዘጋጀነው ሰንጠረዥ ላይ አስገባነው። የመሣሪያ መፈተሻ ቅጹም ላይ ከመቶኛው ጎን የክፍሉን የአየር ግፊት የሚሞሉበት ባዶ መስመር ተጨመረ።