«አልወጣም!» ያለው ተማሪ

ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ከምሳ በኋላ ያለው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ። በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ከስድሳ በላይ ተማሪዎች ተቀምጠዋል። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ የኳድራቲክ ኢኩዌሽን ምሳሌ ሲጽፍ ከኋላ ዴስክ መደብደብ ተጀመረ። ሲዞር ጸጥ ይላል፤ መጻፍ ሲጀምር ይቀጥላል። በሦስተኛው እዚያው ሰሌዳው ሥር ሆኖ «አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ውጣ!» አለ። ልጁ «እኔ አይደለሁም፤ አልወጣም!» ብሎ መለሰ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። «ይህ ልጅ ካልወጣ አላስተምርም» አለ መምህሩ፤ ጠመኔውን አስቀምጦ ቆመ። የክፍል አለቃዋ የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተለውን ኃላፊ፣ ዩኒት ሊደሩን፣ ጠርታ፣ ልጁም ስንት ተለምኖ እስኪወጣ ከአርባው ደቂቃ ግማሹ አለቀ። ምሳሌው ሳይጨረስ ተደወለ።

ክፍለ ጊዜውን የበላው የዴስኩ ድብደባ አይደለም፤ «ካልወጣ አላስተምርም» የምትለዋ ቃል ናት። እሷ ከተነገረች በኋላ ትምህርቱ መቼ እንደሚቀጥል የሚወስነው ልጁ ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ጓደኞቹ እያዩት ተነሥቶ መውጣት ውርደት ነው፤ መምህሩን መገዳደር ይቀለዋል። በዚያ ላይ በዚያ ዴስክ ከተቀመጡት ሦስቱ ማን ዴስኩን እንደደበደበ መምህሩ በዓይኑ አላየም። ያላጠፋ ልጅ ከተነካ ክፍሉ በሙሉ ከእሱ ጋር ያብራል። በዱላ ወይም በማንበርከክ ልመልሰው ማለትም አያዋጣም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የተመታ ልጅም በማግስቱ የሚመጣው ቂም ይዞ ነው።

እንዲህ ያለ ረብሻ የሚበርደው በእግር ነው። መምህሩ ማስረዳቱን ሳያቋርጥ ድምፁ ወደተሰማበት ዴስክ ይሄድና ትንሽ ይቆማል። ብዙውን ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ ጎንበስ ብሎ፣ ለልጁ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ በስሙ ጠርቶ «ቁጥር ሁለትን ጀምር፤ ተመልሼ አየዋለሁ» ይለውና ወዲያው ይሄዳል። መሄዱ ወሳኝ ነው። ራሱ ላይ ቆመው የሚጠብቁት ልጅ የግድ መልስ መስጠት ይኖርበታል፤ መምህሩ ከፊቱ ዞር ካለለት ግን ማንም ሳያየው ደብተሩን ይከፍታል። አሁንም ከቀጠለ ምርጫ ይሰጠዋል፦ «ወይ እዚሁ ሥራ፣ ወይ ፊት ዴስክ ላይ ተቀመጥ።» «አልወጣም» የሚለው ቃል አስቀድሞ ከወጣ ደግሞ «እሺ፣ ከደወል በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ ወደ ክፍሉ መዞር፦ «ቁጥር ሦስትን በየደብተራችሁ፣ አምስት ደቂቃ።» ይህ መሸነፍ አይደለም፤ ክፍሉ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከደወል በኋላ ግን የግድ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ካልተነጋገሩ «ከደወል በኋላ» የምትለዋ ቃል ሁለተኛ አትሠራም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን መተላለፊያ ሲኖር ነው። ዴስኮቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ከተጠጋጉ መምህሩ ሰሌዳው ሥር ታስሮ ይቀራል፤ ያለው መሣሪያ ጩኸት ብቻ ነው። የክፍሉ ተጠሪ የሆነው ሆም ሩም መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ዴስኮቹን አስጠግቶ እስከ ኋላ ድረስ አንድ ሰው የሚያሳልፉ ሁለት መንገዶች ቢያስከፍት የዓመቱ ግማሽ ጭቅጭቅ ይቀራል። ረጅም ምሳሌም ቢሆን ተማሪ ቢጽፈው፣ ወይም መምህሩ ጀርባውን ሳይሆን ጎኑን ለክፍሉ ሰጥቶ ሁለት ሁለት መስመር ቢጽፍ ይሻላል።

በማግስቱ ሆም ሩም መምህሩ ልጁን በእረፍት ሰዓት ለብቻው አነጋገረው። «ለምን ትረብሻለህ?» ሳይሆን «ከየት ጀምሮ ነው ትምህርቱ ያመለጠህ?» ብሎ ነው የጠየቀው። ልጁ ፋክተራይዝ ማድረግ ከተጀመረ ወዲህ ምንም አልገባውም፤ የኔጌቲቭ ቁጥሮች ብዜት ራሱ ይምታታበታል። ከኋላ ሲታይ ደግሞ የመስኮቱ ብርሃን ሰሌዳውን ያነጣዋል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት ተያዘለት፣ መምህሩንም ክፍል ውስጥ ሳይሆን በመምህራን ማረፊያ ይቅርታ ጠየቀ። መምህሩም ሳያይ መወንጀሉ ልክ እንዳልነበር እዚያው ነገረው።

ዩኒት ሊደሩ «ወላጅ ካላመጣህ አትገባም» አለማለቱ ትልቅ ነገር ነው። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ከተማው ውስጥ ወላጅ የለውም፤ ወይ ቀኑን ውጭ ሲዞር ይውላል፣ ወይ ከመንገድ «አጎቴ ነው» ብሎ ሰው ይዞ ይመጣል። ስልክ ከተገኘ መደወል ይሻላል፤ ሲደወልም የልጁን አንድ ደህና ነገር አስቀድሞ።

መዝገቡ ላይ የሚጻፈው የታየውና የተሰማው ብቻ ነው፦ ቀን፣ ክፍለ ጊዜ፣ «ውጣ ሲባል አልወጣም አለ»። «ባለጌ ነው» ተብሎ የተጻፈ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ምንም አይነግረውም። ድብድብ ከተነሣ ወይም ስለት ከታየ ግን ሹክሹክታም ምርጫ መስጠትም የለም፤ የክፍል አለቃው ወደ ዩኒት ሊደሩ ይሮጣል፣ መምህሩ ለበሩ ከሚቀርቡት ጀምሮ ሌሎቹን ተማሪዎች ያስወጣል።