ባሱ ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር

የፊልም ክፍል ድምፅ ጎረቤት እንዳይረብሽ ማድረግ ሲነሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስፖንጅ የት እንደሚሸጥ ነው። ስፖንጁም፣ የእንቁላል ትሪውም፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ምንጣፍም የራሳቸው ሥራ አላቸው። ሥራቸው ግን ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ድምፅ መዋጥ ነው። ንግግሩ ጥርት ይላል፣ ጩኸቱ ይለዝባል፤ ከግድግዳው ማዶ ለተኛው ሰው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም። አየር የሚያሳልፍ ነገር ድምፅም ያሳልፋል። ድምፅን የሚያግዱት ክብደት፣ የተደፈነ ቀዳዳና እርስ በርስ የማይነካኩ ሁለት ግድግዳዎች ናቸው። ስፖንጅ ደግሞ እሳት ሲነካው በፍጥነት ይነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። በኤሌክትሪክ ዕቃ በተሞላ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ሙሉ ስፖንጅ መለጠፍን አልደግፍም።

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የኮንዶሚኒየም ክፍልን በሐሳቤ ይዤ ነው፤ ርዝመቱ 4 ሜትር ከ20፣ ስፋቱ 3 ሜትር ከ60፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ60። ረጅሙ ግድግዳ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው፣ ከላይም ከታችም ሰው አለ።

ጎረቤትን የሚያስመርረው ባሱ፣ ማለትም ወፍራሙና ዝቅተኛው ድምፅ ነው። የፊልም ድምፅ ለፍንዳታና ለነጎድጓድ የተለየ ቻናል አለው፤ እስከ 120 ኸርዝ (በሰከንድ 120 ጊዜ የሚርገበገብ) ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ ብቻ ይይዛል፣ በሲኒማ መለኪያ ጫፉ 115 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይደርሳል። በሁለቱም ጎን የተለሰነ ባለ 15 ሳንቲም ብሎኬት የሰው ንግግርን በደንብ ያግዳል። 40 ኸርዝ ላይ ግን አንዱ የድምፅ ሞገድ ወደ 8 ሜትር ተኩል ይረዝማል፤ ግድግዳውን እንደ ከበሮ ቆዳ እያርገበገበው ያልፋል። ክብደት ለመጨመር ሌላ ብሎኬት እንደርድር ቢባል፣ ክብደቱን እጥፍ ማድረግ የሚያስገኘው 5 ወይም 6 ዴሲቤል ነው። ለጆሮ ድምፁ በግማሽ ቀነሰ የሚያሰኘው ደግሞ 10 ዴሲቤል ገደማ ነው። የተለሰነ ሁለተኛ ግድግዳ በአንድ ሜትር ርዝመት 600 ኪሎ ገደማ ሶሌታው (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ላይ ይጭናል፤ ያለ መሐንዲስ ፈቃድ የሚታሰብ አይደለም።

ስለ መለኪያም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ስልክ ላይ የሚጫኑ የድምፅ መለኪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት «ኤ» በሚባለው ሚዛን ነው። ይህ ሚዛን 40 ኸርዝ ላይ ካለው ድምፅ ወደ 35 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስለዚህ የጎረቤት አልጋ በ75 ዴሲቤል ባስ እየተንቀጠቀጠ ስልኩ 40 ብቻ ያሳያል። «ሲ» የሚባለው ሚዛን እዚያው ላይ የሚቀንሰው 2 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ለዚህ ሥራ መምረጥ ያለብን እሱን ነው። የስልክ ማይክራፎን ራሱ ዝቅተኛውን ድምፅ በደንብ ስለማይዝ ቁጥሩን በፊትና በኋላ ለማነጻጸር ብቻ እጠቀምበታለሁ። በአገራችን ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ሲሆን እሱም በ«ኤ» ሚዛን ነው። ቁጥሩን አላለፍኩም ብሎ መከራከር ይቻላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ግን ድምፅን ብቻ ሳይሆን ንዝረትንም ከመልካም ጉርብትና በላይ እንዳይሆን ይከለክላል፤ ይህ አባባል ከቁጥሩ ይልቅ ለእውነታው የቀረበ ይመስለኛል። ሌሊት 10 ሰዓት ለኪዳን የምትነሳ እናትም ሆነች የሌሊት ፈረቃ አድሮ ቀን የሚተኛ ሰው ሕመማቸው በ«ኤ» ሚዛን አይለካም።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ድምፁ በየት እንደሚወጣ መፈለግ ይቀድማል። 40፣ 63፣ 125 እና 250 ኸርዝ ድምፆችን በየተራ አጫውቶ ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ጎረቤት ቤት ገብቶም ግድግዳውን በመዳፍ እየነኩ መስማት ነው። «እማማ፣ ለአምስት ደቂቃ ቤትዎ ገብቼ ልስማ?» ማለት ከማንኛውም መሣሪያ የተሻለ መረጃ ያመጣል፤ ጎረቤትም የታሰበለት መሆኑን ያውቃል። ቀጭኑ ድምፅ ከተሰማ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ባሱ ብቻ ከተሰማ ግድግዳው ወይም ሶሌታው ራሱ እየተርገበገበ ነው።

ቀዳዳዎቹ በብሎኬት ቤት ውስጥ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ግድግዳው ከላይ ከሶሌታው ወይም ከቢሙ ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው፤ የመጨረሻው ብሎኬት ከተደረደረ በኋላ ሳይጠቀጠቅ በልስን ብቻ ይሸፈንና ውስጡ ባዶ ይቀራል። ሲያንኳኩት ድምፁ ይለያል። ከፍቶ በሲሚንቶና በአሸዋ ድብልቅ መጠቅጠቅ፣ ከደረቀ በኋላ ጠርዙን በሚለጠጥ ማሸጊያ መዝጋት ነው። ሁለተኛው ሶኬት ነው። የእኛና የጎረቤት ስካቶላ (ሶኬቱ የሚገባበት ሳጥን) ጀርባ ለጀርባ ከገጠሙ የብሎኬቱ ባዶ ሆድ ድምፅ ማስተላለፊያ ይሆናል። ከቆጣሪው መብራት አጥፍቶ፣ ስካቶላውን አውጥቶ፣ ጉድጓዱን በድብልቁ ሞልቶ መልሶ መትከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግቢ ውስጥ ባለ ቆርቆሮ ቤት ደግሞ ዋናው መንገድ ከኮርኒሱ በላይ ነው፤ የጋራው ግድግዳ ኮርኒሱ ላይ ቆሞ ከሆነ ድምፁ በጣሪያው ሥር ይሻገራል። እዚያ ግድግዳውን እስከ ቆርቆሮው ሳያደርሱ ሌላ ነገር መሥራት ትርፉ ድካም ነው።

በሩም ቀዳዳ ነው። 80 በ200 ሳንቲም በሆነ በር ሥር 1 ሳንቲም ክፍተት ካለ፣ የበሩ ግማሽ በመቶ ክፍት ነው ማለት ነው። በዚህ ብቻ በሩ ከ23 ዴሲቤል በላይ ማገድ አይችልም፤ ከብረት ቢሠራም እንኳ። ስለዚህ መጀመሪያ መቃኑ ዙሪያ ጎማ፣ ከሥር ደፍና ጎማ፤ ከዚያ ነው ክብደት። ባዶ ሆድ ባለው በር ላይ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ መደረብ ወደ 21 ኪሎ ይጨምራል፤ ሁለት ማጠፊያ አይችለውምና ሦስተኛ ያስፈልጋል፣ መቃኑም ግድግዳው ውስጥ በደንብ መያዙ ይታይ።

ወደ ጋራው ግድግዳ ልመለስ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። በተለምዶ የሚደረገው 2 ሳንቲም ውፍረት ያለው ማገር ብሎኬቱ ላይ መትቶ ጂፕሰም ቦርድ መለጠፍ ነው። ጂፕሰሙ፣ በመሃል ያለው አየርና ብሎኬቱ አብረው እንደ ስፕሪንግ ይርገበገባሉ፣ የራሳቸው የሆነ ድግግሞሽም (በሰከንድ የሚርገበገቡበት ብዛት) አላቸው። ድርብ ጂፕሰም በካሬ 18 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከብሎኬቱ በ2 ሳንቲም ከራቀ የሚርገበገበው 100 ኸርዝ አካባቢ ነው። ባሱ መሃል ላይ ማለት ነው! እዚያ ላይ ግድግዳው ከበፊቱ ያነሰ ያግዳል። ተጨማሪ ተሠርቶ ጎረቤት «ባሰ» ቢል ውሸት አይደለም። ክፍተቱ 5 ሳንቲም ሲሆን ድግግሞሹ ወደ 65፣ 10 ሳንቲም ሲሆን ወደ 46 ኸርዝ ይወርዳል። ማገድ የሚጀምረው ከዚያ ቁጥር አንድ ከግማሽ እጥፍ ገደማ በላይ ነው። ክፍሉን ላለማጥበብ ሲባል ክፍተቱን መቀነስ ሥራውን ማበላሸት ነው፤ 12 ሳንቲም ተኩል ለመስጠት ያልቆረጠ ሰው ባይጀምረው እመርጣለሁ።

አሠራሩ ይህ ነው። ባለ 75 ሚሊ የብረት ፕሮፋይል ከብሎኬቱ 2 ሳንቲም ተኩል ርቆ ይቆማል፤ የሚያዘው ከወለልና ከላይ ብቻ ነው፣ ብሎኬቱን በአንድም ቦታ አይነካም። ከወለሉና ከላዩ ፕሮፋይል ሥር ቀጭን የጎማ ጥብጣብ ይገባል። ከላይ ሲበሳ የሶሌታው ባዶ ብሎኬት ፊሸር በደንብ አይዝም፤ ኮንክሪቱን መፈለግ ያስፈልጋል። ቋሚዎቹ በ60 ሳንቲም ርቀት 8 ይሆናሉ። በመካከላቸው ባለ 7 ሳንቲም ተኩል ሮክ ዉል (ከድንጋይ የተሠራ ጥጥ መሰል ነገር)፣ በሜትር ኩብ ከ40 እስከ 60 ኪሎ የሚመዝን፣ ሳይታመቅ ይቀመጣል፤ 11 ካሬ ይበቃል። ሲሠራ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ግድ ነው።

ጂፕሰም ቦርዱ 12.5 ሚሊ፣ መጠኑ 1 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ40 ከሆነ ለአንድ ድርብ 4 ይበቃል። ግድግዳው ሦስት ሙሉና አንድ ግማሽ ይወስዳል፣ ከቀረው ግማሽ 20 ሳንቲም ስፋት ያላቸው ቁራጮች ወጥተው የጎደለውን ቁመት ይሞላሉ። ለሁለት ድርብ 8፣ ለስብራት 1 ጨምሮ 9 መግዛት ነው። የመጀመሪያው ድርብ በሙሉ ቦርድ ይጀመርና ቁራጩ ከላይ ይሁን፤ ሁለተኛው በግማሽ ቦርድ ይጀመርና ቁራጩ ከታች ይሁን። እንዲህ ከሆነ አንዱ መጋጠሚያ በሌላው ላይ አይወድቅም። ለመጀመሪያው 25፣ ለሁለተኛው 35 ሚሊ ቪቴ። ዙሪያውን በሁለቱም ድርብ 5 ሚሊ ክፍተት ይተዉና በሚለጠጥ ማሸጊያ ይሞላ፤ ስድስት ባለ 300 ሚሊ ሊትር ቱቦ ይበቃል። ስቱኮ ለቦርዶቹ መጋጠሚያ እንጂ ለዙሪያው አይሆንም፤ ይሰነጠቃል። ሁሉም ተደምሮ በሜትር ርዝመት 60 ኪሎ ገደማ ነው።

ይህን ሁሉ ሥራ አንድ ረጅም ብሎን ያበላሸዋል። ቴሌቪዥን ለመስቀል ጂፕሰሙን በስቶ ብሎኬቱ ውስጥ የገባ ፊሸር ሁለቱን ግድግዳዎች መልሶ አንድ ያደርጋቸዋል። ቴሌቪዥኑና ስፒከሮቹ ወለል ላይ በቆመ ጠረጴዛ ይቀመጡ፤ አዲሱ ግድግዳ ላይ ሶኬትም አይተከል።

ግድግዳው ከታሸገ በኋላ የሚቀረው በሶሌታውና በኮለኑ (በኮንክሪቱ ምሰሶ) ዞሮ የሚሄደው ነው፤ እሱን የሚገታው የሰብዉፈሩ (የባሱ ስፒከር) አቀማመጥ ነው። ከሥሩ ስፖንጅ ማድረግ የሚረዳው ከሳጥኑ በቀጥታ ወደ ወለሉ የሚገባውን ንዝረት ብቻ ነው፣ በክብደቱ ጭራሽ የተደፈጠጠ ስፖንጅ ደግሞ እሱንም አያደርግም። በክብደቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ተኩል የሚሰምጥ ጎማ ወይም ስፕሪንግ ያስፈልጋል። አብዛኛው ባስ ግን በአየር ነው ወለሉን የሚመታው፤ መፍትሔው ድምፁን መቀነስ ነው። በዚህ ክፍል ልክ ባሱ በራሱ የሚያብጠው 41፣ 48 እና 66 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ማዕዘን ላይ የተቀመጠ ሰብዉፈር ሦስቱንም ያነሳል። ከማዕዘን አውጥቶ ከሶፋው ኋላ ቅርብ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ድምፁን መቀነስ፤ ተመልካቹ ያንኑ ይሰማል፣ ቤቱ ግን ያነሰ ይንቀጠቀጣል። ሪሲቨሩ (ለስፒከሮቹ ድምፅ የሚያከፋፍለው መሣሪያ) ላይ የሌሊት ሞድ ካለ ከምሽት 3 ሰዓት በኋላ ይብራ፤ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ንግግሩን ከፍ ያደርጋል።

መስኮቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ነባሩ ባለ 3 ወይም 4 ሚሊ መስታወት ይቆይና ከውስጥ በኩል ቢያንስ 10 ሳንቲም ርቆ ባለ 6 ሚሊ ሁለተኛ መስታወት ዙሪያውን በጎማ ታሽጎ ይገጠም። የመስታወቶቹ ውፍረት መለያየቱ ሁለቱ በአንድ ድግግሞሽ አብረው እንዳይርገበገቡ ያደርጋል።

ድምፅ የማያሳልፍ ክፍል አየርም አያሳልፍም። አንድ ሰው ተቀምጦ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፤ አራት ሰው፣ ፕሮጀክተርና አምፕሊፋየር ሲደመር ወደ 900 ዋት ይጠጋል። አየር መግቢያና መውጫ ለየብቻ፣ እያንዳንዱ ውስጡ በሮክ ዉል በተለበጠና ሁለት ጊዜ በሚታጠፍ የኤምዲኤፍ ሳጥን በኩል፣ ባለ 15 ሳንቲም ቱቦ፣ በዝግታ የሚዞር ፋን። ቱቦው ወደ ውጭ ይውጣ እንጂ ወደ ጋራው ኮሪደር አይውጣ። በዚህ ክፍል ውስጥ ከሰል ፈጽሞ አይቀጣጠል፤ ለቡናም ለዕጣንም ቢሆን። የከሰል ጭስ የማይታየውና የማይሸተው ክፍል በታሸገ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ቡናው ሳሎን ይፈላና ጀበናው ይግባ።

ሥራው ሲያልቅ እነዚያኑ አራት ድምፆች እንደገና አጫውቶ ጎረቤት ቤት መስማት ያስፈልጋል። ሪሲቨሩ ላይ ጎረቤት የማይረበሽበት ከፍተኛው ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍ፤ አንዱ ለቀን፣ አንዱ ለሌሊት። የበሩ ጎማ በአንድ ዓመት ውስጥ ስለሚደፈጠጥ ወረቀት በበሩና በመቃኑ መካከል አጣብቆ ስቦ ማየት ነው፤ ሳይይዝ የሚወጣበት ቦታ ጎማው ይቀየር።