ከአልጋ ሥር ያለው ሻንጣ

ጳጉሜን ደሴ ላይ የምወዳት ወር ናት። ወር ከተባለች ነው እንግዲህ፤ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ ስድስት። ክረምቱ ጠቅልሎ አልወጣም፣ መስከረምም ገና አልጠባም፤ ሰው ግን ቤቱን ማራገፍ ይጀምራል። መጋረጃ ይታጠባል። ፀሐይ ብቅ ካለች ፍራሽ ይሰጣል። የጦሳ ተራራ ጉሙን ገለጥ አድርጎ ያየንና መልሶ ይከናነባል። እናቴ ለሩፋኤል ጠበል ማልዳ ስትወጣ፣ እኔ ቤቱን ላጸዳ ቀረሁና ከአልጋ ሥር ያለውን ሻንጣ ጎትቼ አወጣሁት።

ሻንጣው ከ2014 ጀምሮ እዚያው ነው። የዚያን ዓመት ጥቅምት ደሴ ለነበረ ሰው ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። መጀመሪያ ጦርነቱ ከሰሜን ያፈናቀላቸው ሰዎች መጥተው ትምህርት ቤቶቻችንን ሞሉ። እኛም እንጀራ እየጋገርን እናደርስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተራው የኛ ሆነ። በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ልጄን አዝዬ፣ በአንድ እጄ እናቴን፣ በሌላው ፌስታል ይዤ ነበር። ፌስታሉ ውስጥ የነበረውን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሁለት የሻይ ብርጭቆና የቴሌቪዥን ሪሞት። የቤት ካርታው፣ የልጄ የክትባት ካርድ፣ የእማዬ መድኃኒት ሁሉ እቤት ቀረ። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ መጀመሪያ የገዛሁት ነገር ሻንጣ ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ።

ከዚያ ወዲህ ከፍቼ አይቼው አላውቅም። መኖሩን ማወቅ ይበቃኝ ነበር። ዘንድሮ ዚፑ ዝጎ አልከፈት ብሎኝ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ሲከፈት የታፈነ ሽታ ወጣ። ከላይ የልጄ ሹራብ አለ። ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። አሁን ልልበሰው ብሎ ሲታገል እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረበት። «እማ፣ ይሄ የማን ነው?» አለኝ። ብስኩቱ ዱቄት ሆኗል። የባትሪው ድንጋይ ፈስሶ ካልሲ አበላሽቷል። ቻርጀሩ የድሮው ቀጭን ፒን ነው፤ እሱን የሚቀበል ስልክ እቤታችን የለም። የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ ሐኪሟም ከቀየረላት ሰንብቷል። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። ይህን ሁሉ ጊዜ እንቅልፍ የሰጠኝ ሻንጣ፣ እውነት ያ ቀን ቢመጣ እንኳ ለምንም አይሆንም ነበር።

ነገሩ ሻንጣው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከዚያ ጥቅምት ወዲህ ከባድ ዕቃ ገዝቼ አላውቅም። ልብሳችን ካርቶን ውስጥ ነው ያለው። ጎረቤት «ቁምሳጥን አትገዢም እንዴ?» ሲለኝ «ዋጋው ትንሽ ይቀንስ» እላለሁ። በዚህ አገር ዋጋ ሲቀንስ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሁለት ሰው የማያነሳው ዕቃ ሳይ ሆዴ ይረበሻል። «ይህንን ጥዬው ነው የምሄደው» ይለኛል አንድ ድምፅ። የሚያሳዝነው ልጄም ይህን ለምዶታል። ብስክሌት ግዢልኝ ሲል እንኳ «የሚታጠፈውን» ብሎ ነው።

አንዱ ሸክም ደግሞ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ አይደለም። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ያኔ ደብረ ብርሃን እንደደረስን ደወልኩለት። «ቤቱ ጠባብ ነው፣ እስኪ ትንሽ እዚያው ቆዩ» አለኝ። የማናውቃቸው ሰዎች አንድ ክፍል ለቀቁልንና እዚያ ሰነበትን። እሱ በየእሑዱ ይደውላል። እኔ «ደህና ነን፣ እማዬን ላገናኝህ» ብዬ ስልኩን አቀብላለሁ። ሌላ ቃል የለኝም። እናቴ ሁሉም ይገባታል። አንዳንዴ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነጠላዬን ሳነሳ ታየኝና «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ትላለች። ለማን እንደሆነ ሳትናገር።

ስለ ይቅርታ የሚሰበክ ነገር አይጥመኝም፤ እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። መስከረም በመጣ ቁጥር ፌስቡኩ «ያለፈውን እርሱት፣ አዲስ ሰው ሁኑ» በሚል ይጥለቀለቃል። እሺ ብሎ የሚረሳ ጭንቅላት ካለ የታደለ ነው። የኔ አይረሳም። እኔን ያንቀሳቀሰኝ ስብከት ሳይሆን አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። ያኔ ከተማውን ሳትለቅ የቀረች ትልቅ ሴት ናት። የጤፍ ጆንያዋንና ምጣዷን የወሰደባትን ሰው ታውቀዋለች፣ የሰፈራችን ሰው ነው። ሰኞ ገበያ ስታገኘው ሰላም ትለዋለች። በቀደም ቡና ላይ፣ ሁለተኛው እየተቀዳ፣ እንዴት እንደሚቻል ጠየቅኋት።

«አፉ ብየዋለሁ» አለች ረከቦቱን ወደኔ እየገፋች። «እሱ ግን አያውቅም።»

«ይቅርታ ጠይቆሽ ነው?»

«የት ይጠይቀኛል! ልጄ፣ እሱንም ተሸክሜ ነው ወይ ይህንን ዳገት የምወጣው? ጉልበቴን እያየሽው።»

ከዚያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ጀመረች። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ለካ እኔ የወንድሜን ይቅርታ እንደ ክፍያ ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁ ነበር። እሱ ደግሞ ዕዳ እንዳለበትም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሐሙስ ዕለት እኔው ደወልኩ። ሐሙስ ደውዬለት ስለማላውቅ ደነገጠ። «እማዬ ምን ሆነች?» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ።

«ምንም አልሆነችም። በሶ እያዘጋጀሁ ነው፣ ልላክልህ ብዬ ነው።»

ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ። «በርበሬም ካለሽ» አለ በቀስታ። ደብረ ብርሃንን እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ። አንድ ቀን አነሳው ይሆናል፤ ሳነሳው ግን ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ታርቀናል ወይ ብትሉኝ እንጃ። በሶውና በርበሬው በአውቶቡስ ሄዷል፣ ደርሷል።

ሻንጣውን ባዶ አደረግሁት። ሹራቡ ታጥቦ ለጎረቤት ልጅ ተሰጠ። ሁሉን ጣልኩ ብል ግን ውሸት ነው። ካርታውን፣ የትምህርት ማስረጃዬንና የልጄን የልደት ወረቀት በአንድ ክላሰር አድርጌ እጄ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጫለሁ። የአገሩን ነገር እያየን ነውና ይህን የሚነቅፈኝ ሰው አይኖርም። ወረቀት ወረቀት ነው። የሚከብደኝ እሱ አልነበረም።

ወደ አናጺው የሄድኩት የጳጉሜን መጨረሻ ላይ ነው። ሦስት ተካፋች፣ መስታወት ያለው ቁምሳጥን አልኩት። ልኬቱን ጻፈና «የሚፈታ ላድርገው? ለማጓጓዝ ይመቻል፤ አሁን ሁሉም ሰው የሚያሠራው እንደዚያ ነው» አለኝ። ሁሉም ሰው። ለካ ብቻዬን አይደለሁም። ትንሽ አሰብኩና «አይ፣ የማይፈታ» አልኩት። «ከበር አይገባልሽም እኮ» አለ። ተሳስቀን በሁለት የሚከፈል እንዲሆን ተስማማን። ቀብድ ከፈልኩ። ለመስቀል አደርስልሻለሁ ብሏል፤ የአናጺ ቀጠሮ ስለማውቅ እኔ ለጥቅምት ይዤዋለሁ።